የምድር ቤት ልኬት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ አራት ኪሎ ተኝቷል።
ከፊዚክሱ ሕንፃ ሥር አንድ ቀይ ነጥብ ነቅቷል።
ቀን አይሆንም፤
ቀን ሚኒባስ ያጓራል፣ በር ይላጋል፣ ሰው ይሮጣል፣
የሚሮጥ ሰው ደግሞ ብርሃኔን ያናውጣል።
የምለካው ምን መሰላችሁ? አንዲት ፀጉር መቶ ቦታ ተሰንጥቃ
ከመቶው አንዷን ስንጣሪ።

ጠረጴዛው፣ በወረቀት፣ ተንሳፋፊ ነው።
የውጭው ዋጋ ከትምህርት ክፍሉ በጀት ስለበለጠ
ከድንጋይ ጠራቢ ቤት አንድ እብነ በረድ ተመረጠ፤
ታዝዞ ባለቤቱ ያልመጣለት የመቃብር ድንጋይ፣
«ዝክረ» የሚል ጅምር ጽሕፈት ያለበት ከጀርባው ላይ።
በአራት የባጃጅ ከመነዳሪ ደገፍነው።
በየሰኞው አየር ይቀንሳል፤ በየሰኞው እንነፋዋለን።

አንዱን ጨረር በመስታወት ለሁለት እከፍላለሁ፤
አንደኛውን ቅርብ አቆይቼ ሌላውን ሩቅ እልካለሁ።
ተመልሰው ሲገጥሙ፣ እንደ ሁለት መንገደኛ፣
«አንተስ ስንት ሄድክ?» ይባባላሉ፤
የዘገየው በስንት እንደዘገየ ግድግዳው ላይ በጭረት ይጻፋል፤
ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ እንደ ጥለት።

ጥቁሩ ነው የሚገርመው።
ብርሃን በብርሃን ላይ ተደምሮ
አንዳንዴ ጨለማ ይሆናል ብዬ ለወንድሜ ነገርኩት።
ባንክ ነው የሚሠራው። ሻዩን አማሰለና
«ይሄን ለማወቅ ሌዘር ግዙልን አላችሁ?» አለኝ።

ሌንሱን ያቀፈው የነሐስ ቀለበት የጋሽ ክፍለማርያም እጅ ነው፤
ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ዝቅ ብሎ፣
ለአንድ ሰው የምትጠብ መነጽር ቤት ነበረቻቸው።
ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ሆድ ያወጡትን ነሐስ
ሲሞርዱ ሦስት ከሰዓት ዋሉ፣
ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየዳሰሱ።
«ዐይን ይለምዳል» አሉኝ፣ «ጥፍር ግን አይለምድም።»
እኔ የስብረትን ሕግ በካርቶን ክዳን ላይ ጻፍኩላቸው፣
አርባ ዓመት ሙሉ ሲሠሩበት የኖሩትን።
አነበቡና «አዎ፣ ልክ ነው» አሉ፤
እያረሙኝ እንጂ እየተማሩ አልነበረም።

ከዚያ አንድ ሌሊት ጭረቶቹ ተንቀጠቀጡ።
ጎማውን ዳሰስኩ፤ ደህና ነው። ማራገቢያውን ነቀልኩ።
ትንፋሼን ያዝኩ። የራሴ ልብ ይሆን? ቆጠርኩ፤ አይደለም።
በሰከንድ አሥራ አራት፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይጀምራል፣
በመሃል ሻይ እንደሚጠጣ ሠራተኛ።
መዝገቡ ላይ «ምንጩ ያልታወቀ ንዝረት» አልኩት።

አማካሪዬ ዶክተር ትርሲት ጠዋት አይተውት
«ምንጩን ፈልጊ፣ ከዚያ ቀንሺው» አሉ።

በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ፒያሳ ወጣሁ።
አቧራው ውስጥ የጠዋት ፀሐይ ዘንግ ዘንግ ሆና ቆማለች፤
ጨረር በጎኑ የሚታየው የሚያሰናክለው ሲያገኝ ነው፣
ሁለተኛ ዓመት ላይ ተፈትነንበታል።
እስካቫተሩ ይቆፍራል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይጀምራል።
ከሱቁ የቀረው አንድ ግድግዳ፣
ግድግዳው ላይ የዐይን መመርመሪያው ገበታ፣
ከላይ ትልልቁ ፊደል፣ ከታች ደቃቃው።
ከመንገዱ ማዶ ቆሜ
እስከ አምስተኛው መስመር አነበብኩ።
ስድስተኛው ላይ አልቻልኩም። አቧራው ነው አልኩ።

ጋሽ ክፍለማርያም አሁን ኮዬ ፈጬ ናቸው፣ አራተኛ ፎቅ።
ሲደውሉ «መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ብርሃኑ ጥሩ» ይሉኛል፣
«ብቻ ማየት የቸገረው ሰው አይመጣም።»

ቀነስኩት። የታዘዝኩትም፣ የተማርኩትም ነው።
ግራፍ ሰባት ላይ መስመሩ ጠርቷል፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ።
ያልተቀነሰውን ግን አባሪ ሐ ውስጥ አስገባሁት፣
አሥራ አንድ ሌሊት፣ አንድ ቁጥር ሳልነካ፣
ከርዕሱ ሥር «ምንጩ ታውቋል» ብዬ።

ዛሬ ሁሉም ረግቷል።
ብሎኑን ሩብ ዙር አዞርኩ፤ ቀዩ ወደ ጥቁሩ ቦታ ገባ።
ቀለበቱን በጥፍሬ ዳሰስኩት፤
አንድ ቦታ ላይ፣ ከሥር በኩል፣ ሻካራ ነው።
ሁለት ዓመት ሙሉ ሳየው አላየሁትም ነበር።